እትዬ ትርሲትና የቀርጤሷ የዱር ፍየል

ወዳጆቻችን፣ እትዬ ትርሲት ዐረፉ። ፋሲካን በሆስፒታል አልጋ ላይ ውለው፣ በሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት፣ እጃቸው በእጄ ውስጥ እንዳለ ነፍሳቸው ወጣች። ብዙዎቻችሁ ለቀብሩ መጥታችኋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከሩቅ ያላችሁት ግን «የትኛዋ ትርሲት? የፍየሏ ዶክተር?» እያላችሁ ስትደውሉልኝ ሰነበታችሁ። አዎን፣ የፍየሏ ዶክተር። በቀብሩ ዕለት ስለ እሳቸው ተናገሪ ተብዬ ቆሜ፣ ሳልናገር አልቅሼ ተቀምጫለሁ። ያኔ ያልተናገርኩትን አሁን ልጻፈው።

ሰናይት እባላለሁ፤ ለንደን ውስጥ ሰቨን ሲስተርስ በሚባለው ሰፈር ፀጉር ቤት አለኝ። ደንበኞቼ ምላሴ እንደማያርፍ ያውቃሉ። በክብር ልጽፍ ተነሥቼ አልፎ አልፎ ቢያመልጠኝ ይቅርታችሁን እለምናለሁ። እሳቸውም ቢሆኑ ድርቅ ያለ ንግግር ይሰለቻቸው ነበር።

እትዬ ትርሲት አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ፣ በወጣትነታቸው ስሜን ተራሮች ላይ ድንኳን ተክለው ዋልያን ያጠኑ ሴት ነበሩ። በዚያ ዘመን የከተማ ልጅ ገደል አፋፍ ላይ በደረቷ ተኝታ ቀኑን ሙሉ በመነጽር እንስሳ ስታይ መዋሏ ለአገሬው ጉድ ነበር። ለንደን የመጡት ትምህርታቸውን ሊያሻሽሉ ነው። ትምህርቱ ሲያልቅ አገር ቤት ነገሩ ሁሉ ተገለባብጦ መመለሻው ጠፋ። ሌላው ሰው እንዲህ ሲሆንበት ወይ ያለቅሳል ወይ ይጠጣል። እሳቸው የዋልያን ዘመድ ፍለጋ ወጡ። ያገኙትም ሜዲትራንያን ባሕር መካከል፣ በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ስሟን በምንሰማት በቀርጤስ ደሴት ነው። እዚያ ነጫጭ ተራሮች በሚባሉት ውስጥ ብሔራዊ ፓርክ የሆነ ጥልቅ ሸለቆ አለ። በሸለቆው ገደል ላይ ቀንዱ እንደ ማጭድ ወደ ኋላ የጎበጠ፣ ትከሻው ላይ ጥቁር መስመር ያለበት የዱር ፍየል ይኖራል። በዓለም ላይ አገሬ የሚለው ያንን ደሴት ብቻ ነው። እትዬ ትርሲት የቀረውን ዕድሜያቸውን ለእሱ ሰጡት፤ ለንደን ኮሌጅ ያስተምራሉ፣ በየጸደዩ ቀርጤስ ይወርዳሉ።

ዶክተር መባላቸው ግን ብዙ ጣጣ አምጥቶባቸዋል። ከቅዳሴ በኋላ እናቶች ከብበው የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ያሳዩአቸዋል። «እኔ የፍየል ዶክተር ነኝ፤ ቀንድ ሲያበቅልሽ ነይ» ይላሉ። ሴትዮዋ ስቃ ሳትጨርስ ስልካቸውን አውጥተው ለጂፒዋ፣ ለሰፈሯ ሐኪም፣ ይደውሉና አፖይንትመንት እስኪያገኙላት ድረስ አይዘጉትም። በቀጠሮውም ቀን አብረው ይሄዳሉ። ዊልስደን ሰፈር ያሉ አንዲት እናት ዓይናቸውን ቀዶ ሕክምና ሲደረጉ ቀኑን ሙሉ አጠገባቸው የተቀመጡት፣ ሐኪሙ የሚለውን ቃል በቃል እያስረዱ ያጽናኗቸው እሳቸው ነበሩ። ይህን ያወቅነው ሴትዮዋ ለቀብሩ መጥተው እያለቀሱ ሲናገሩ ነው።

እኔን ያገኙኝ ፀጉራቸውን ሊቆረጡ መጥተው ነው።

«በጣም አሳጥሪው፤ ተራራ ላይ ነፋሱ ያስቸግረኛል» አሉኝ።

በዚያ ዕድሜ ተራራ! «ምን ሊሠሩ ነው ተራራ የሚወጡት?» አልኩ።

«ፍየል ለማየት።»

«እኔ ፍየል የማውቀው ጥብስ ሲሆን ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየመኝ ነበር። እሳቸው በመስታወቱ ውስጥ ትክ ብለው አዩኝና «እንግዲያው በሕይወት ያለ ሳላሳይሽ አልሞትም» አሉ። በዓመቱ ወሰዱኝ፤ ከዚያ ወዲህ ቀርቼ አላውቅም።

በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ፈቃደኛ የሆነውን ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሰብስበው ቀርጤስ ይዘውን ይሄዱ ነበር። ጽዳት የሚሠራው፣ አረጋውያን የሚንከባከበው፣ ጡረታ የወጣው ሁሉ የዓመት ፈቃዱን ለዚያ ሰሞን ያስቀምጣል። ቲኬቱን ገና በገና ሰሞን ቡክ ያደርጉልናል። ፋሲካችን ከግሪኮቹ ጋር አንድ ቀን ስለሚውል የመንደሩ ሰው እንደ ዘመድ ነው የሚቀበለን።

እትዬ ትርሲትን እዚያ ሸለቆ ውስጥ ያላየ ሰው አውቃቸዋለሁ አይበል። ለንደን፣ ክላፋም ሰፈራቸው ውስጥ ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ ከዘራ ተደግፈው ቀስ የሚሉት ሴት፣ እዚያ ሁላችንንም ቀድመው ይወጡ ነበር። እግሬ ውኃ ቋጥሮ ስነጫነጭ ዞር ብለው «ተቀመጪ፤ ስታርፊ ነው የሚታይሽ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ተቀምጬ ነው ጀርባዋ ላይ በፀጉር ፈንታ እሾህ የሚመስል ነገር ያበቀለችውን አይጥ ያየኋት። ተቀምጬ ነው ፍየሎቹ እየቀነጠቡት ከጉልበቴ በላይ ማደግ ያቃተውን፣ ነገር ግን ከቅድመ አያቶቻችን ይልቅ ዕድሜ ያለውን ዛፍ ያየሁት። እሱም ከዚያ ደሴት ውጪ አይበቅልም። ባለ ጢሙ ጥንብ አንሳ፣ ያ አጥንት ከሰማይ ጥሎ ዐለት ላይ የሚሰብረው፣ ከበላያችን ሲያልፍ እትዬ ትርሲት ኮፍያቸውን ያወልቁለት ነበር። «ስሜን ላይ የማውቀው ነው፤ ሰላምታ ይገባዋል» ይሉናል።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ አያውቁም። ሸለቆው አፍ ላይ ሁላችንንም ያቆሙና «አትንኩ፣ አታፏጩ፣ አታብሉ» ይሉናል። ምክንያቱንም በየዓመቱ ሳይሰለቹ ይነግሩናል፦ «ሰው የለመደ የዱር ፍየል ወደ መንደር ይወርዳል። መንደር ከወረደ ከቤት ፍየል ጋር ይዳቀላል። እንዲያ እንዲያ እያለ ዘሩ ይጠፋል። ለማጥፋት ጥይት አያስፈልግም፤ ደግነት ይበቃል።»

አምና የሆነውም ይኸው ነው።

ጋሽ ደምሴን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። የለንደን አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ሰው ሳያጎርሱ እህል የማይወርድላቸው ሰው ናቸው። አውሮፕላን ላይ አጠገባቸው የተቀመጠውን እንግሊዛዊ ሊያጎርሱ ሲሉ እጃቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ። አምና ሸለቆው መሐል፣ ሰዎቹ ጥለውት በሄዱት የድሮ መንደር፣ ሰዉ ጥላ ሥር ተቀምጦ ከፋሲካ የተረፈውን ድፎ ዳቦ ፈታ። እትዬ ትርሲትና እኔ ላይ አፋፉ ላይ ነበርን። በዚህ መሐል አንዲት ገና ያልወለደች ወጣት የዱር ፍየል፣ ቀኝ ጆሮዋ ጫፉ ላይ የተቀደደ፣ ከቁጥቋጦው ወጥታ ቆመች።

«እንግዳ ቆሞ እያየ እንዴት ይበላል?» አሉ ጋሽ ደምሴ። እንግዶቹ እኛ፣ ባለቤቷ እሷ መሆኗ ማን ትዝ ብሎት! ቆርሰው እጃቸውን ዘረጉ። ቀረበችና ከእጃቸው ጎረሰች። ደገሟት። ሌላውም «ከእኔም፣ ከእኔም በሞቴ» እያለ ተሻማ። እኛ ስንወርድ ስልክ ሁሉ ወጥቶ ፎቶ ይነሣል፤ ፍየሏ መሐል ላይ እንደ ሙሽራ ቆማለች።

እትዬ ትርሲት ባሉበት ቀጥ አሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ደምሴ፣ ምን አደረግህ?» አሉ በቀስታ።

«አጎረስኳት፣ እትዬ። ርቧት እኮ ነው።»

«አልራባትም። ተራራው ሁሉ ገበታዋ ነው።»

ከዚያ ስንነሣ ፍየሏ ተከተለችን። እንደ ቤት ጠቦት ኮቴዋን እያሰማች እስከ ሸለቆው በር ድረስ መጣች። በማግስቱ ስንመጣ እዚያው በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን። የፓርኩ ጠባቂ ማኖሊስ፣ ከእትዬ ትርሲት ጋር የረጅም ጊዜ ወዳጅ የሆነ የተራራው ልጅ፣ ይህን አይቶ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አሸ። በመከር ወራት ወንድና ሴት የሚገናኙበት ጊዜ ሲደርስ ይቺ ፍየል መንደር ወርዳ ከቤት ፍየሎች ጋር መቀላቀሏ እንደማይቀር ነገረን። ያ ከመሆኑ በፊት ይዞ ከሸለቆው ሊያወጣት፣ አጥር ውስጥ ሊያስቀምጣት ግዴታው መሆኑንም ነገረን። ወደ ገደሏ ካልተመለሰች ማለት ነው።

ጋሽ ደምሴ ይህ ሲተረጎምላቸው ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ሰዉ ሁሉ፣ ራሱም ሲያጎርስ እንዳልነበር፣ በጎሪጥ ያያቸው ጀመር። እኔም ደሜ ፈልቶ አንድ ነገር ልል አፌን ስከፍት እትዬ ትርሲት በዓይናቸው ዝም አሰኙኝ። ሄደው አጠገባቸው ተቀመጡ።

«ደምሴ፣ አታልቅስ። እጅህ ክፉ አላሰበም» አሉ። «አሁን ግን ያ ያጎረሰ እጅ ጠጠር ይያዝ። ሰውን መውደድ እንዳስተማርናት መፍራትን እናስተምራታለን።»

ሰዉ በቲኬቱ ቀን ተመለሰ። እትዬ ትርሲት፣ ጋሽ ደምሴና እኔ ቲኬታችንን ካንስል አድርገን ቀረን። ፀጉር ቤቱ አብራኝ ለምትሠራው ልጅ ስደውል «ለፍየል ብለሽ?!» ብላ ጮኸችብኝ፤ እኔም ጮኽኩባት። ማኖሊስ ፈቀደልን፤ ቆሞም ይመለከተን ነበር። በየጠዋቱ ወደዚያ የድሮ መንደር እንወጣለን። ፍየሏ ስታየን ጆሮዋን አቁማ እየሮጠች ትመጣለች። እትዬ ትርሲት የብረት ድስት ክዳን በማንኪያ እየደበደቡ «ሂጂ! ጥፊ ከዚህ!» ብለው ይጮኻሉ። ጠጠር ከፊቷ፣ ከኮቴዋ አጠገብ ይወረውራሉ። እንዳይመታት እጅግ ይጠነቀቃሉ፤ ግን ይወረውራሉ።

የመጀመሪያው ጠዋት ከሁሉ የከፋ ነበር። ፍየሏ ደንግጣ ትንሽ ሸሽታ ዞር ብላ ታየናለች። ምን አጠፋሁ የምትል ነው የምትመስለው። ተመልሳም ትመጣለች። ጋሽ ደምሴ ጠጠሩን እጃቸው ውስጥ ጨብጠው ቆሙ እንጂ መወርወር አልሆነላቸውም። እትዬ ትርሲት ግን፣ ትከሻቸው እያመማቸው፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኹ። ማታ ላይ ምግብ ቀርቦ አልበሉም። «ዕድሜዬን ሙሉ ትንፋሼን ይዤ ልቀርባቸው ስሞክር ኖሬ፣ ዛሬ ራሷ ስትመጣልኝ ላባርራት!» አሉ፤ ዓይናቸው ሞላ። ከዚያ ዕንባቸውን በመሐረባቸው ጠርገው «የዱር እንስሳ የሚወደደው ከሩቅ ነው። ቀርቦ መውደድ ለራስ ነው» አሉን።

በማግስቱ ጋሽ ደምሴ ወረወሩ። እያለቀሱ ወረወሩ። እኔም ምላሴ አንድ ቀን ለቁም ነገር ዋለና፣ በአማርኛ የማውቀውን ስድብ ሁሉ በዚያች ምስኪን ፍየል ላይ አወረድኩት። የምትመጣበት ርቀት እየራቀ፣ የምትቆምበት ጊዜ እያጠረ ሄደ።

አንድ ጠዋት የመንገዱ ማጠፊያ ላይ ብቅ ከማለታችን፣ እትዬ ትርሲት ክዳኑን ከማንሣታቸው በፊት፣ ፍየሏ አየችን። ሽቅብ ዘለለች። እኛ በዓይናችን እንኳ መንገድ የማናገኝበትን ገደል እየነጠረች ወጥታ ከአፋፉ በላይ ጠፋች። ዞራም አላየችንም። እትዬ ትርሲት ክዳኑን መሬት ላይ ጥለው እልል አሉ። «ፈራችኝ! ሰናይት፣ አየሽ? ፈራችኝ እኮ!» እያሉ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። ሦስታችንም እዚያው እንደ ሕፃን አለቀስን። ሰው የሚወደው ጥሎት ሲሄድ እንዲያ ሲደሰት አይቼ አላውቅም።

ለንደን ከተመለስን በኋላ መከሩ እስኪያልፍ በጭንቅ ጠበቅን። ማኖሊስ ደውሎ በየበረቱ ዞሬ አይቻለሁ፣ አልወረደችም አለን። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጸደይ ሲመጣ በሕይወት መኖሯ፣ እዚያው ገደሏ ላይ ከራሷ ዘር መውለዷ። እትዬ ትርሲት በዚያው በለንደኑ ክረምት ታመሙ። ሐኪሞቹ በሽታው መስፋፋቱን ሲነግሯቸው መጀመሪያ የጠየቁት «እስከ ጸደይ?» ብለው ነው። ሐኪሙ ስለ መድኃኒቱ የጠየቁት መስሎት ብዙ አስረዳቸው። እሳቸው የሚጠይቁት ስለ ፍየሏ እንደሆነ እኔ አውቄያለሁ።

ከዚያ በኋላ ስንጠይቃቸው በሄድን ቁጥር ከሰላምታ በፊት «ማኖሊስ ደወለ?» ይሉናል። ማኖሊስ በየቀኑ ማለት ይቻላል ገደሉን በመነጽር ይቃኝ ነበር፤ አላገኛትም። እኛ አበሾች ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ አንነግርም፤ መልካም ወሬ ከጠፋ እንፈጥርለታለን። ጋሽ ደምሴም አንድ ቀን አልቻሉም። አልጋው አጠገብ ገና ሳይቀመጡ «እትዬ፣ ደስ ይበልዎት፤ ማኖሊስ ደውሎ ነበር፣ ታይታለች፣ ወልዳለችም» አሏቸው።

የእትዬ ትርሲት ዓይን በራ። «ራሱ ነው ያያት? የትኛው ገደል ላይ? ቀኝ ጆሮዋን አይቷል?» ብለው በአንድ ትንፋሽ ጠየቁ።

ጋሽ ደምሴ ወለሉን አዩ።

እሳቸው አልተቆጡም። ፈገግ ብለው እጃቸውን ያዙና «ደምሴ፣ ይኼም እኮ ጉርሻ ነው» አሏቸው። ቀጥለውም «አልታየችም ማለትም ወሬ ነው። እሱኑ ንገሩኝ፤ ያላያችሁትን አትንገሩኝ» አሉን።

በዚያች ሐሙስ ጠዋትም ጠየቁኝ። ድምፃቸው አልቆ ነበር፤ ከከንፈራቸው ነው ያነበብኩት። የምወዳቸውን ሴት ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ «አልታየችም፣ እትዬ» አልኳቸው። ከዚያ ቃል የከበደ ነገር በሕይወቴ ተናግሬ አላውቅም። «ይፈልግ። ገደሉ ሰፊ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም።

እትዬ ትርሲት፣ ከእንግዲህ የምጽፈው ለእርስዎ ነው።

ሰው ሁሉ በስንብት ጊዜ ለሟች የሚያምር ቃል ይፈልጋል። እኔም ልፈልግ ተቀምጬ ነበር፤ እርስዎ ግን የሚያምር ቃል አይወዱም፣ የታየ ነገር ይወዳሉ። ስለዚህ የምነግርዎት ላጽናናዎት ብዬ ያልፈጠርኩትን፣ በዓይን የታየውን ብቻ ነው።

ከቀብርዎ በኋላ ለማኖሊስ ደውዬ ማረፍዎን ነገርኩት። ስልኩን ዘጋብኝ። ተቀይሜው ነበር። ለካ ተነሥቶ ወደ ተራራው ሄዶ ኖሯል። እርስዎ ያስተማሩትን ሁሉ ይዞ፣ ከድሮው መንደር በላይ፣ ማንም የማይወጣበት የሰሜኑ ገደል ድረስ ወጣ። በሳምንቱ ደወለልኝ። ራሱ ነው ያያት፣ እትዬ። በጠዋት ብርሃን፣ በመነጽር። ቀኝ ጆሮዋ ጫፉ የተቀደደ ነው፤ ደግሜ ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ። ጋሽ ደምሴም ስልኩን ነጥቀው ጠይቀውታል።

ከጎኗ ግልገል አለ። ማኖሊስ ሳያስበው ጠጠር ከእግሩ ሥር ተንከባለለበትና ሁለቱም ቀና ብለው አዩት። ያ ግልገል ሰው አይቶ አያውቅም፤ ማንም አልጮኸበትም፣ ማንም አልወረወረበትም። ከእናቱ ቀድሞ የሸሸው እሱ ነው።

ይረፉ፣ እትዬ።